በሐረጎ ዳገት የተፈተነ ቅብ፦ ለጭስ ማውጫ ሄደር ሙቀት የሚቋቋም ሽፋን የመረጥንበት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ

ኮምቦልቻ በሚገኘው ጋራዣችን በአንዲት የቤንዚን ፒክአፕ ላይ ከጥር እስከ ቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ድረስ ሦስት ጊዜ የጭስ ማውጫ ሽፋን ሥራ ሠርተናል። ሁለቱ አልያዙም፤ ሦስተኛው ይዟል። ባልተሳኩት ሥራዎች የጠፋው ገንዘብና ጊዜ የመኪናዋ ባለቤት ነበር፤ ስሕተቱ ግን በአብዛኛው የእኛ ነው። ሌላ ጋራዥ ያንኑ መንገድ እንዳይደግመው በማሰብ የሠራነውን፣ የለካነውንና የሳትነውን እንደነበረ ጽፌዋለሁ። የባለቤቱም ሆነ የሹፌሩ፣ የበያጁም ስም አልተጠቀሰም።

የመኪናዋና የመንገዱ ሁኔታ

መኪናዋ ዕድሜዋ ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የምትሠራ ፒክአፕ ናት። ባለቤቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ከኮምቦልቻ እየጫነ ደሴ የሚያስረክብ በዕድሜ የገፋ ነጋዴ ሲሆን፣ መኪናዋ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ሙሉ ጭነት ይዛ የሐረጎን ዳገት ትወጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ስለዚህ የተጫነ መኪና በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ያውም አብዛኛውን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ።

ለጭስ ማውጫ ከዚህ የከፋ ሁኔታ የለም። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ከቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ ከሚዘጋው የሞተሩ ክፍል) የሚወጣው ጭስ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በሜዳ መንገድ ሞተሩ በርትቶ ሲሠራ የመኪናዋ ፍጥነትም ስለሚጨምር ከፊት የሚገባው ነፋስ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያበርዳል። በዳገት ላይ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ መኪናዋ በሰዓት 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትሄድ፣ ሙቀቱ ከፍተኛ ነፋሱ ግን ጥቂት ይሆናል።

ከፋብሪካ የመጣው የጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ማኒፎልድ፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ክፍል፣ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ ተበይዶ ሁለት ጊዜም እንደገና ተከፍቶ ነበር። መለዋወጫ በመጥፋቱ አንድ በያጅ ከውሃ ቧንቧ ቆርጦ፣ ከቴስታታው ጭሱን እየተቀበለ ወደ አንድ ቱቦ የሚያቀላቅል ባለ አራት ቅርንጫፍ ሄደር ሠራለት። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ነበር። በያጁ በብየዳው ጊዜ ነጭ ጭስ እንዳፈነው፣ በዚያው ሌሊትም ብርድ ብርድ ብሎት እንዳተኮሰው በኋላ ነግሮናል። ይህ የዚንክ ጭስ የሚያመጣው የታወቀ ሕመም ነው፤ ለብየዳ የሚቀርብ ቧንቧ ዚንኩ አስቀድሞ ሊነሣለት እንደሚገባም በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ችግሩ

ሄደሩ ከተገጠመ በኋላ መኪናዋ ደሴ ገብታ ጭነት ለማውረድ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ትኩስ እያለች አትነሣም ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ስትቆይ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ሹፌሩም የእግሩ ሥር ያለው ላሜራ ጫማውን እስኪያልፍ እንደሚያቃጥለው ይናገር ነበር። ሄደሩ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ዛገ። ባለቤቱ ወደ እኛ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ልጄ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ቅቡልኝ፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ነው የመጣው» አለን።

አለመነሣቷ የቤንዚን መፍላት ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ውሃውም ስለሚቆሙ፣ ሄደሩ የያዘው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ የቤንዚን ጎማውን (ቤንዚን የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ) እና ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ያገኛቸዋል። ቤንዚን የብዙ ቅመሞች ድብልቅ ስለሆነ ቀላሉ ክፍል ገና በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ በከፍታ ቦታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በደሴ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጎማው ውስጥ ቤንዚኑ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ፓምፑ የሚስበው ፈሳሽ ያጣል።

እኛ ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ሆኖም የባለቤቱን ጥያቄ እንደቀረበ ተቀበልነው፤ ሦስቱ አቤቱታዎች የተለያየ መልስ እንደሚፈልጉ ቆመን አላሰብንም። ዝገት የብረቱ ጉዳይ ነው፤ የቤንዚኑ መፍላትና የሹፌሩ እግር ግን ብረቱ አጠገብ ያሉት ነገሮች ጉዳይ ነው። አንድ ቀለም ሁለቱንም ይፈታል ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ብርማው ስፕሬይ

ከገበያ የገዛነው 600 ዲግሪ ይችላል የሚል ጽሑፍ ያለበት ብርማ ስፕሬይ ነበር። ሄደሩን ሳናወርድ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፤ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ጠረግነው፤ ሦስት ጊዜ ወፍራም አድርገን ቀባነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሞተሩን አስነሥተን በዚያው ምሽት መኪናዋን አስረከብን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅቡ ከቴስታታው አጠገብ ካሉት መታጠፊያዎች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ነበር።

ዞር ብዬ ሳየው ከነዚህ እርምጃዎች ትክክለኛ የሆነ አልነበረም። እንዲህ ያለው ስፕሬይ የሲሊኮን ሙጫና የደቀቀ አሉሚኒየም ድብልቅ ነው። ሲደርቅ የደረቀ ይመስላል እንጂ ሙጫው በእውነት የሚጠነክረው ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ከ350 ዲግሪ በላይ ደግሞ የሙጫው ተቃጣይ ክፍል ሄዶ የሚቀረው ሲሊካና አሉሚኒየም ብረቱን ይይዛል። ይህ ለውጥ በደረጃ ካልሆነ፣ ውስጥ የቀረው ቲነር በአንድ ጊዜ ተንኖ ቅቡን ያሳብጠዋል፤ ቅቡ በወፈረ መጠንም እብጠቱ ይብሳል። ቤንዚኑ በበኩሉ ስስ የቅባት ፊልም ትቶ ነበር። ከሁሉም በላይ በቧንቧው ላይ የቀረው ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሥሩ የሚቀልጥ ነገር ያለበትን ቅብ 600 የሚል ጽሑፍ ሊያድነው አይችልም።

ያሳሳተን ንባብ

በዚህ ሙከራ ውስጥ ከመላጡ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ ሌላ ነገር ነው። ከመቀባታችን በፊትና በኋላ ሙቀቱን እንደ ሽጉጥ ተይዞ በርቀት በሚያነብ የጨረር ቴርሞሜትር ለክተን ነበር። ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ በ2,500 ዙር ለአሥር ደቂቃ አቆይተን የሦስተኛውን ቅርንጫፍ መታጠፊያ ስንለካ የዛገው ብረት 340 ዲግሪ አነበበ። ከተቀባ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዙርና ከዚያው ርቀት 220 ሆነ። ሙቀቱ በ120 ዲግሪ ቀነሰ ብለን ለባለቤቱ ነገርነው፤ እሱም አመስግኖን ሄደ።

በማግስቱ መኪናዋ ደሴ ላይ እንደተለመደው አልነሣ አለች። ለተግባር ልምምድ ከእኛ ዘንድ የነበረ አንድ ተማሪ ንባቡ ራሱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረና ቀላል ፈተና አቀረበ። ሞተሩ በርዶ ሳለ ነጭ ጋዝ ያለበት ኩራዝ ለኮሰ፤ ክሩን ከፍ አድርጎ የሚያጨሰውን ነበልባል ወደ ብርማው ቅብ አስጠጋና የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ክብ ቦታ በጥላሸት አጠቆራት። ከዚያ ሞተሩን በዚያው ዙር አሥር ደቂቃ አቆየን። ጥላሸቷ ላይ 345 ዲግሪ አነበበ፤ ከእሷ ሁለት ጣት ርቆ ብርማው ላይ 222። ያው ቧንቧ፣ ያው ቅጽበት፣ ሁለት ጣት ርቀት።

ምክንያቱ የመሣሪያው አሠራር ነው። የጨረር ቴርሞሜትር ሙቀትን በቀጥታ አይለካም፤ ከገጹ የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ይለካና ገጹ ጥቁርና ሻካራ እንደሆነ ቆጥሮ ወደ ዲግሪ ይመልሰዋል። ዝገትና ጥላሸት ጨረሩን ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ ይለቃሉ፤ ብርማ ገጽ ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ ስለሚለቅ መሣሪያው ብረቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። እኛ የለካነው የቀለሙን መልክ እንጂ የብረቱን ሙቀት አልነበረም።

በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ብርማ ገጽ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚለቀው ጨረር ስለሚያንስ አጠገቡ ያለው ጎማ በእርግጥ ትንሽ ይቀልለታል። ነገር ግን ያልወጣው ሙቀት ብረቱ ውስጥ ስለሚቀር ብረቱ ራሱ አይቀዘቅዝም፤ ቅቡ አቧራና የዘይት ጭስ ሲለብስም ጥቅሙ እየጠፋ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቴርሞካፕል ሽቦ (ጫፉ የነካውን ነገር ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ያለው መልቲሜትር ገዝተን የቤንዚን ጎማውን በቀጥታ መለካት ጀመርን። ደሴ ላይ ሞተሩ ከጠፋ ከ15 ደቂቃ በኋላ ጎማው፣ ቅቡ ሳይላጥ 69 ዲግሪ፣ ከተላጠ በኋላ 71 ዲግሪ ነበር። የመጀመሪያው ሥራችን ትክክለኛ ውጤት ይህ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ መጠቅለያው

በመጋቢት ሄደሩን ከመስታወት ክር በተሠራ የሙቀት መጠቅለያ ጠቀለልነው። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ ጎማው ወደ 58 ዲግሪ ወረደ፣ የሹፌሩም እግር ዐረፈ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ቅሬታ አልነበረም፤ እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። መጠቅለያው ከመንገድ የሚረጨውን ውሃ ይጠጣና ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን አርጥቦ ያድራል። ከቴስታታው ክዳን ጥቂት ዘይት ይንጠባጠብ ስለነበርም ዘይቱ በክሩ ውስጥ ሰርጎ ዳገት ላይ ያጨስ ጀመር፤ ይህ እሳት ሊያስነሣ የሚችል አደጋ ነው። በመስከረም መኪናዋ እንደ መትረየስ እየጮኸች መጣች። መጠቅለያውን ስንፈታ የሁለተኛው ቅርንጫፍ ብየዳ ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቋል፤ የቧንቧው ገጽ ደግሞ በጣት ሲነካ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተነሣ ይወድቃል።

መጠቅለያ ሙቀትን አያጠፋም፤ ውስጥ ያቆየዋል። አይዝጌ ብረት ይህን ይችላል። ተራ ብረት ግን ከ550 ዲግሪ ገደማ በላይ በፍጥነት ወደ ቅርፊት ይለወጣል። የእኛ ሄደር መጠቅለያ ሳይለብስ እንኳ ከዚያ ወሰን አጠገብ እንደነበረ ማወቅ ነበረብን፤ ምክንያቱም ሹፌሩ በየካቲት አንድ ምሽት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት፣ ሁለተኛው ቅርንጫፍ በጨለማው ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ቀልቶ እንዳየው ነግሮን ነበር። ብረት በጨለማ መቅላቱ የሚታየው ከ525 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ከማናቸውም መሣሪያችን የበለጠ ትክክለኛ ልኬት የሰጠን ሹፌሩ ሆኖ ሳለ፣ ወሬ ብለን አልፈነው ነበር።

አማራጮቹን እንደገና ማመዛዘን

በዚህ ደረጃ ባለቤቱን አስቀምጠን ያሉትን መንገዶች አብረን አየን። ተራ የመኪና ቀለም ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ስለሚቃጠል ከቁጥር አይገባም። ክሮም ወደ ሰማያዊ ይለወጥና ይነሣል። በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ መንከር ለተራ ብረት ጥሩ ጥበቃ ነው፤ እዚህ አካባቢ የሚያደርግልን ግን አላገኘንም።

ብዙ የተነጋገርነው ስለ ሴራሚክ ሽፋን ነው። ባለቤቱ ከአንድ ዘመዱ ሰምቶ ሙቀትን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል የሚል እምነት ነበረው። ጥሩ የሴራሚክ ሽፋን ከ900 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል፣ ዝገትንም ለዓመታት ይከለክላል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በስፕሬይ የሚቀባው ዓይነት ውፍረቱ 25 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም የሰው ፀጉር ሲሶ ያህል ነው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራነው፤ 450 ዲግሪ የደረሰ ቧንቧ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ ዋት ሙቀት ይለቃል፤ ይህ ሙቀት 25 ማይክሮን ሽፋን ሲያልፍ በሁለቱ ገጾች መካከል የሚኖረው ልዩነት ከአንድና ከሁለት ዲግሪ አይበልጥም። ስስ ሽፋን እንደ ብርድ ልብስ ሊሠራ አይችልም። በፕላዝማ (እጅግ በጋለ ጋዝ) የሚረጨው ወፍራም የዚርኮኒያ ሽፋን የተሻለ ነው፤ እሱ ግን ለእሽቅድምድም መኪና እንጂ ሽንኩርት ለሚጭን ፒክአፕ አይታሰብም። ተራውን የሴራሚክ ሽፋን ለማሠራት ሄደሩን አዲስ አበባ መላክ ነበረብን፤ የተጠየቀው ዋጋም ሄደሩን ከአዲስ ከመሥራት ይበልጥ ነበር። ቧንቧው ተራ ብረት ሆኖ ሳለ ከቧንቧው የሚበልጥ ሽፋን መግዛት ተገቢ አልመሰለንም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። ቅቡ ብረቱን ከዝገትና ከቅርፊት ይጠብቅ፤ ጎማውንና ሹፌሩን ደግሞ በቅቡና በእነርሱ መካከል የሚቆም የላሜራ ጋሻ ይጠብቃቸው አልን።

ሦስተኛው ሥራ

ከቀለም በፊት ሄደሩ ለምን ያን ያህል እንደሚቀላ ጠየቅን። የእሳት አሰጣጡን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት፣ ስንፈትሽ ዘግይቶ አገኘነው፤ እሳቱን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ ተቀዶ ነበር፣ መነሻውም በትክክል አልተስተካከለም። እሳቱ ሲዘገይ ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነዶ ሳያልቅ ቫልቩ ይከፈትና ቃጠሎው ሄደሩ ውስጥ ይቀጥላል። ይህን ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በጥር መደረግ የነበረበት ሥራ ነው።

አዲሱ ሄደር ዚንክ ከሌለው ጥቁር ቧንቧ፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተሠራ። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ500 ዲግሪ ሲሞቅ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከመሃሉ ወደ ዳር እየሰፉ እንዲሄዱ አደረግን። የድሮው ሄደር ብየዳው ሥር የተሰነጠቀው አንዱ ምክንያት የሚረዝምበት ቦታ ማጣቱ ነበር።

ቀጥሎ አሸዋ የሚነፋ መሣሪያ ወዳለው የብረት ሥራ ቤት ወሰድነው። አፎቹን በላሜራ ዘግተን ገጹ ወጥ የሆነ ግራጫና እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር እስኪሆን አስነፋነው። የአሸዋው ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳልና የሚሠራው ሰው ትክክለኛ የመተንፈሻ ጭንብል ሳያደርግ ይህን ሥራ ማሠራት አይገባም፤ እኛም ጭንብሉ እስኪመጣ አንድ ቀን ቆመናል። ከዚያ በኋላ ብረቱ በባዶ እጅ አልተነካም። በአሴቶን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ንጹሕ ጨርቅ እየለወጥን ጠረግነው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ቆምን።

ቅቡ የሲሊኮን ሙጫና የሴራሚክ ዱቄት ያለበት፣ 700 ዲግሪ የሚል፣ ጥቁር ነበር። ባለቤቱ ጥቁር መሆኑን አልወደደውም፤ «ልጄ፣ ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ እንኳ ይግላል፣ ብርማው አይሻልም ወይ?» አለኝ። «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ የሚግለው ሙቀት ሲቀበል ነው፤ ይህ ግን ሙቀት ሰጪ ነው፣ ጥቁር ሲሆን ቶሎ ይሰጣል፣ ብረቱም ይበርድለታል፤ የሰጠውን ጋሻው ይቀበለዋል» ብዬ መለስኩለት። የኩራዙን ጥላሸት ታሪክ ስለሚያውቅ ተቀበለኝ። ሦስት ጊዜ፣ በየአሥር ደቂቃው፣ ብረቱ ገና እየታየ በሚመስል ስስነት ቀባነው።

ማብሰሉን በመኪናዋ ላይ ከማድረግ ይልቅ በበርሜል ለማድረግ ወሰንን። የሁለት መቶ ሊትር በርሜል ከጎኑ ቆርጠን፣ ከሥር ከሰል አድርገን፣ ሄደሩን በሽቦ አንጠለጠልነውና የቴርሞካፕሉን ሽቦ መሃል ላይ አሰርነው። ዕቅዱ በ120 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፣ በ200 ግማሽ ሰዓት፣ በ315 ግማሽ ሰዓት፣ በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት እያበረዱ ማቆየት ነበር። የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። ገና ለስላሳ በሆነው ቅብ ላይ የከሰሉ አመድ እየበነነ ተለጠፈበት፤ በእጅ ሲዳሰስ የጤፍ ፍሬ የተበተነበት ይመስል ነበር። አውርደን፣ አሸተን፣ በአሴቶን ጠርገን እንደገና ቀባነው። ሁለተኛ ጊዜ በከሰሉና በሄደሩ መካከል ሰፊ ላሜራ አስገባን፤ አመዱ ከሥር ቀረ፣ ሙቀቱም በተሻለ ሁኔታ እኩል ሆነ። በ315 ዲግሪው ደረጃ ቅቡ ትንሽ ያጨሳል፤ ይህ ሙጫው የሚለወጥበት ጊዜ ስለሆነ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ቦታው ግን ነፋሻ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ይብሰል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ ጭሱ ለምግብ የማይሆን ስለሆነ አልፈቀድንም።

ጋሻው ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ ሲሆን ከሄደሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ከላይና ከታች አየር እንዲያልፍበት ክፍት ሆኖ ተገጠመ። የቤንዚን ጎማውም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ተዛወረ። የቴስታታው ክዳን ጋስኬት ተለውጦ የዘይቱ መንጠባጠብ ቆመ።

የሠራውና ያልሠራው

ደሴ ላይ ከ15 ደቂቃ በኋላ ጎማው 49 ዲግሪ ሆነ፤ መኪናዋም ትኩስ እያለች መነሣት ጀመረች። እሳቱ መስተካከሉ፣ ጎማው መዛወሩና ጋሻው በአንድ ጊዜ ስለተደረጉ የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ጋሻውን አውልቀን ባለቤቱን ያንኑ ጭነት አስጫንነው። ያን ቀን ጎማው 61 ሆነ፤ ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጋሻው ነው። ሹፌሩም በሌሊት ዳገቱን ወጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት ቅላት አላየም።

ቅቡ በአራቱ ቅርንጫፎች ላይ ይዟል። ያልያዘው አራቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። በብየዳዎቹ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ አሸዋው በደንብ አላገኘውም፤ የብየዳው ጥቁር ቅርፊት እዚያ ቀርቶ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ተላጠ። ከማስነፋት በፊት ያን ቦታ በሹል መዶሻና በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይገባ ነበር። የአሸዋው ፍንጣሪም ምንም እንኳ አፎቹን ብንዘጋ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ከመግጠም በፊት በኮምፕሬሰር ደጋግመን ባናራግፈው ኖሮ ወደ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ይሄድ ነበር።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ከዚህ በኋላ የሙቀት ቀለም የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ቀለሙን ከማንሣታችን በፊት የምንጠይቀው ማን እንዲድን እንደሚፈልግ ነው፦ ብረቱ ወይስ ብረቱ አጠገብ ያለው። በቅርቡ የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ያመጣ ሰው ግድግዳው እየጠቆረ ስለተቸገረ ቀለም ፈልጎ ነበር፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው ላሜራ ሠርተንለት ቀለም ሳይገዛ ተመለሰ። የባጃጅ ጭስ ማውጫው የዛገበት ሌላ ሰው ግን የፈለገው በትክክል ቅብ ነበር፤ በደንብ ጠርገን በደረጃ አብስለን ቀባንለት።

በስፕሬዩ ጣሳ ላይ ያለው ቁጥር ቅቡ የሚሸከመውን ይናገራል፤ ከሥሩ ስላለው ዚንክ፣ ቅባት ወይም ቅርፊት አይናገርም። በእኛ ሥራ ቅብ ከተላጠ አሁን መጀመሪያ የምናየው የተላጠውን ቁራጭ ጀርባ ነው። ጀርባው ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገጹ አልሻከረም ወይም ቅባት ነበረበት፤ ነጭ ዱቄት ካለበት ዚንክ ነው፤ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ከመጣ ቅቡ ሥራውን ሠርቷል፣ የለቀቀው ብረቱ ነው። የመጨረሻው ሲሆን ሌላ ቀለም መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሞተሩ ለምን እንደጋለ መፈለግ ይሻላል።

የጨረር ቴርሞሜትር ያላቸው ሁሉ፣ የዳቦ ቤት ጭስ ማውጫም ይሁን የፋብሪካ ቧንቧ ሲለኩ፣ የተለያየ መልክ ያላቸውን ሁለት ገጾች በአንድ መሣሪያ እንዳያወዳድሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንድ ነጥብ በጥላሸት ወይም በጥቁር የሙቀት ቀለም ማጥቆር ምንም ወጪ የለውም።

ሥራው አሁን ያለበት

ሦስተኛው ሥራ ከተገጠመ ስምንት ወር ሆኖታል። የጋሻው አንዱ ቡሎን በንዝረት ላልቶ ሲንቋቋ ስለነበር ድርብ ዳዶ አድርገንበታል። አራቱ ቅርንጫፎች ከቴስታታው አጠገብ ጥቁረታቸው ወደ ግራጫ ደብዝዟል፤ በጥፍር ሲፋቅ ግን አይነሣም። መገናኛው ላይ የተላጠችው ቦታ አልሰፋችም፤ ዘይት ለመቀየር ሲመጣ አውርደን፣ የብየዳውን ቅርፊት በሹል መዶሻ አጽድተን፣ እሷን ብቻ እንደገና ልንቀባና በዚያው በርሜል ልናበስል ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።